ብረቱ ከአውድማ፣ ጉራው ከላብራቶሪ

«ሪቪው ጸሐፊ ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ ድስት ሳይጥድ ወጥ የሚቀምስ ነው» አለኝ አንድ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ሰው፤ መካነ ሰላም ላይ፣ ቶናው እየተቀዳ።

«ቀማሽ የሌለበት ሠርግማ አንዱ ድስት ሦስቴ ጨው ይገባበታል። ሦስተኛውን የጨመርከው አንተ ነህ።»

ሳቀ። ተራቢ ሲስቅ አትመኑት፤ ጥርሱን እየሳለ ነው። «እኔ እኮ በእጄ የምሠራ ሰው ነኝ። እመዝናለሁ፣ በአሲድ አሟሟለሁ፣ አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽኑ ላይ አነባለሁ። አንተ የሰው ወረቀት ሰብስበህ ‹እገሌ እንዲህ አለ› ከማለት በቀር ምን ሠርተሃል?»

«አንተ ያላነበብከውን አነብባለሁ። ብዛቱ ቋሚ ሥራ ሆኖልኛል።»

«ጭንቅላት ካለህ ለምን ራስህ አትለካም?»

«የእኔን ተወው፤ ያንተን ጭንቅላት ግን ላብራቶሪው ይፈልገዋል አሉ፣ ለብላንክ።» (ለማያውቁት፦ ሪቪው ማለት በአንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚዳኝ ጽሑፍ ነው፤ ብላንክ ማለት ደግሞ ሌላው ሁሉ ተጨምሮበት የሚፈለገው ነገር ብቻ የሌለበት ናሙና ነው።)

ወደ ቁም ነገሩ የዞርነው ጤፍ ሲነሳ ነው። ወዳጄ ከገበያ ጤፍ ገዝቶ ብረቱን ለክቷል። ቁጥሩ አስደንጋጭ ሆኖ ወጣለት። «የቦረና ጤፍ እኮ የብረት ማዕድን ነው!» ብሎ አገር ሊያስጠራ ተነሣ።

«ማዕድኑስ ልክ ነህ፤ በሬው ረግጦ ነው ያስገባልህ» አልኩት።

እዚህ ላይ ተረቡን ትንሽ ላቁመው። በደቡብ ወሎ ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ከከለላ እስከ ሳይንት ጤፍ ተወቅቶ የሚነሣው ከመሬት ነው። አውድማው ይደለደላል፣ በሬው ይዞርበታል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነች አፈሩ ከእሷ ጋር አብሮ ይታፈሳል፤ የደጋችን አፈር ደግሞ ከባዛልት ድንጋይ የተገኘ፣ ብረት የጠገበ ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም። አሲድ ውስጥ የገባውን ብረት፣ ከፍሬው ይሁን ከአፈሩ ሳይለይ፣ አንድ ላይ ቆጥሮ ይሰጣል። ካሊብሬሽኑ ቢያምር፣ ስታንዳርዱ ከውጭ ቢመጣ፣ ሦስቴ ቢደጋገም ያው ነው፤ ስሕተቱ ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት አውድማው ላይ ተሠርቶ አልቋል።

ይህን ደግሞ እኔ አልፈለሰፍኩትም። (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር ኢትዮጵያውያን ከምግባቸው የሚያገኙትን ከፍተኛ የብረት መጠንና ደማቸውን ያጠናበትን ሥራ ያሳተመው በ1968 ነው። በ1993 እነ አረዳ ሲኔት በተባለው የአገራችን የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ጤፍ ብረትና ስላስነሣው ውዝግብ ጻፉ፤ «ውዝግብ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ሳይቀር አለ። በ2014 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባዬ ስለ ጤፍ የተጻፈውን ሰብስቦ ሪቪው አወጣ። በዚያ ሪቪው ሠንጠረዥ ውስጥ የነጭ ጤፍ ብረት በ100 ግራም ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊግራም ነው። የቀይ ጤፍ ደግሞ ከ11.6 ተነሥቶ ከ150 በላይ ይወጣል።

«ታዲያ ከ150 በላይ ካለ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ ወዳጄ፣ ደስ ብሎት።

«ከ11.6 ጋር አንድ መስመር ላይ መቀመጡን አላየህም? እህል በራሱ ተፈጥሮ ከአሥር እጥፍ በላይ አይለዋወጥም። ቁጥርህን ለብቻው ስታየው ግኝት ነው፤ ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ግን አቧራው ይታያል። ጎን ለጎን የሚያቆመው ደግሞ ያ ድስት አልጣደም ያልከው ሰው ነው።»

ዝም አለ። ቡና የምትቀዳልን እትዬ ግን ዝም አላለችም፦ «ልጄ፣ ጤፍ ሳይነፋ ይፈጫል እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ወንፊት አልገዛም?»

ከዚህ በኋላ እኔ ምን እጨምራለሁ?

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ፤ ወዳጄን ከመታሁ ወገኔንም ልምታ። ጥሩ ሪቪው ነገር አይዘጋም፣ ጥያቄ ያወጣል። «ብረቱ ከአፈር ነው» ከተባለ ወዲያ ቀጣዩ ጥያቄ «የአፈሩ ብረት ሰውነት ውስጥ ይሠራል ወይ?» ነው። ራሱ ቃለአብ ባዬ ከባልደረባው ጋር ደም ባነሳቸው አይጦች ላይ ሞክረው በ2018 ያሳተሙት ውጤት የአፈር ብረት ሄሞግሎቢንን መልሶ ለመገንባት አስተዋጽኦ እንዳለው አሳየ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን «አፈር ነውና ከንቱ ነው» ባዩን አፉን ያስይዛል። አንባቢው ለካ ወደ ላብራቶሪ መመለስም ያውቃል።

መጥፎው ሪቪው ደግሞ መቶ ሥራ ይደረድርና አንዱንም አይዳኝም። እንዲህ ላለው ጸሐፊ የምለው አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ዋቢህ ብዙ ነው፤ ሐሳብህ ግን ከዲቴክሽን ሊሚት በታች ነው።» (ማሽን ሊያየው ከሚችለው ትንሹ መጠን በታች ማለቴ ነው።) የሚጻፍበትም ምክንያት አይጠፋኝም። ሪቪው ከመደበኛ ጥናት ይልቅ ስለሚጠቀስ የሪቪው መጽሔቶች ኢምፓክት ፋክተር ከፍ ይላል፤ ጸሐፊውም አብሮ ከፍ ማለት ያምረዋል።

ዓለም ግን የሪቪውን ነገር ከያዘው ቆይቷል። «ኬሚካል ሪቪውስ» የተጀመረው በ1924 ነው። «አናሊቲካል ኬሚስትሪ» የተባለው መጽሔት ከ1949 ጀምሮ የዘርፉን ሥራ በሪቪው ሲያስገመግም ኖሯል። በ2008 ደግሞ ለዚሁ ሙያ ብቻ ዓመታዊ የሪቪው መጽሔት ተከፈተ። ማሽን ያልቸገራቸው አገሮች ናቸው እንግዲህ፣ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ይህን ያህል የሚደክሙት። «እኛ ማሽን ስለሌለን ነው ሪቪው የምንጽፍ» የሚል ሰው ካለ ተከራካሪዬ እሱ ነው፤ ማሽን ሲኖረንም ይብስብናል፣ የቁጥሩ ክምር ይበዛልና።

ስለዚህ ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ተመራቂዎች ልመና አለኝ። ቀጣዩን ኩንታል ከመፍታታችሁ በፊት ስለ ደቡብ ወሎ ጤፍ፣ ማርና ውኃ የተለካውን ሁሉ፣ መደርደሪያ ላይ የቀረውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይቀር፣ ሰብስቡና ዳኙት። ጤፉ የት እንደተወቃ፣ በሬ ይሁን ማሽን የወቃው፣ መታጠብ አለመታጠቡን ያልጻፈ ወረቀት ካገኛችሁ ቁጥሩን አትመኑ፤ አለመጻፉን ግን ጻፉበት። ራሳችሁ ስትለኩ ከብረቱ ጋር አሉሚኒየምና ቲታኒየምም ለኩ፤ እህል በተፈጥሮው እነዚህን ብዙ ስለማይዝ፣ በዝተው ከተገኙ አፈር ለመግባቱ ምስክር ናቸው።

ወዳጄም መልስ ካለው ዓምዱ ክፍት ነው። ጤፉን አጥቦ ይምጣ እንጂ።