ግራዝማች አልበላም አለ

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣
ዶርዜ ሃይዞ

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድመቱ ግን ደህና አይደለም።

የቱ ድመት እንዳይሉኝ፤ ባለፈው በስልክ ያነሳሁልዎ የአከራዬ ድመት ነው። ሴትዮዋ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ እስኪያገግሙ ብለው ልጃቸው ዘንድ ቫንኩቨር ሄደዋል። ቤቱን፣ አበቦቹንና ድመቱን ያስረከቡት ለእኔ ነው፤ በምላሹ ኪራይ ቀነሱልኝ። መንደር ውስጥ «ልጁ ውጭ አገር ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅዎ ካለ «ጤና ላይ ነው» ይበሉልኝ። ውሸት አይሆንብዎትም፤ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ እወጋለሁ።

ድመቱ 14 ዓመቱ ነው። በድመት ሂሳብ ሰባውን አልፏል፣ የእርስዎ እኩያ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ያወጡለት ስም ለአፌ ስላልተመቸኝ፣ ጢሙንና እንግዳ ሲገባ ከወንበሩ አለመነሳቱን አይቼ ግራዝማች ብዬዋለሁ። ለማዕረጉ አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ ደብዳቤው ውስጥ ከእርስዎ ጋር እንዳይምታታብኝ ተውኩት።

ግራዝማች ስኳር አለበት። አዎ፣ ያው እርስዎን የያዘዎት ስኳር። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ይህ በሽታ ከድመቶች መካከል አብዝቶ የሚይዘው ያረጀውን፣ የወፈረውን፣ ወንዱንና የተኮላሸውን ነው፤ በእኛ አነጋገር ሙክቱን ማለት ነው። ሲጀምረው ውኃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ተመልሶ ይጠጣል። ይበላል፣ ግን ይከሳል። «ይሄ ልጅ የማንን ታሪክ ነው የሚያወራልኝ?» እያሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ ደከሙ። ድመት በጣቶቹ ነው የሚራመደው፤ ግራዝማች ግን ተረከዙን መሬት እያስነካ መሄድ ጀመረ፤ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶት ነው አሉ። የእኛ ቤት አዲስ ሲሠራ አሥራ ሁለት ሜትር ድረስ ይቆምና፣ ምስጥ ከሥር በበላው ቁጥር እየቆረጥን ዝቅ እናደርገው የለ? ግራዝማችም እንደ አሮጌ የዶርዜ ቤት ከሥሩ እያጠረ ነው። እግረ መንገዴን፣ ማታ ማታ ከሸማው ጉድጓድ ሲወጡ እግርዎን አገላብጠው ይዩት። ስኳር ያለበት እግር ቢቆስልም ላያም ይችላል።

የሚያስቀኝን ልንገርዎ። ድመት ጣፋጭ የሚባል ነገር አያውቅም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምላሱ ጣፋጭን እንዲለይ የሚያደርገው ጂን ከጥንቱ የተበላሸ ነው። ማር ቢያልሱት ጣዕሙ አይገባውም። እንግዲህ ስኳርን ቀምሶ የማያውቅ የስኳር በሽተኛ እያስታመምኩ ነው! እርስዎ እንኳ ቆጮውን ማር ውስጥ ሲነክሩ የኖሩበት ዘመን አለ፤ ቢያንስ የተከሰሱበትን ነገር በልተውታል።

መርፌው የተገኘው ደግሞ እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በጋ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሁለት ሰዎች ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቆሽታቸው የወጣ ውሾችን ይዘው ሲሠሩ ኢንሱሊንን አገኙት፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። መብቱንም ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት ለእያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነው። ግራዝማች በውሾች ሕይወት እንደሚኖር ቢያውቅ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ጎረቤታችን ያለውን ውሻ በመስኮት ሲያይ አሁንም ይሳደባል።

መርፌው በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም አንድ ሰዓት ስለሆነ ለእኔ ቀላል ነው። የሚያስፈራው መጠኑ ነው። ለእንስሳ ከሚሠራው ኢንሱሊን አንዳንዱ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ሲይዝ፣ የሰው 100 ይይዛል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ሲሪንጅ አለው። ሲሪንጁ ከተምታታ ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጋል፣ ወይም በዚያው ልክ ይጎድላል። እኔ ደግሞ ድርና ማግ ባምታታ መወርወሪያ የሚወረወርበት ልጅ ነበርኩ፤ በዚህ በኩል አይስጉ። ማነው የሚወረውረው? አያንሱት።

ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ የራሱ መደርደሪያ አለው። የእርስዎ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠው ማሰሮ ውስጥ መሆኑን ሳስብ አንዳንዴ በሩን ቶሎ እዘጋዋለሁ። ለነገሩ የዶርዜ ብርድ ራሱ ግማሽ ፍሪጅ ነው። ታች አርባ ምንጭ ቆላው ላይ ያሉት ናቸው የሚታዘንላቸው።

እናም ረቡዕ ዕለት ግራዝማች አልበላም አለ።

ረቡዕ! በዚያ ላይ ሁዳዴ! መቼም ምን እንደታወሰኝ ያውቃሉ። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር እናንተ ጋ መጥቶ ኖሮ በ1974 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ እንግሊዝኛውን እዚህ ቤተ መጻሕፍት አገኘሁት። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና አርብን ይጾማል እንደሚሉ ይጽፍና፣ ታዲያ በጾሙ ቀን ከብታቸውን ከነብር የሚጠብቁት ለምንድን ነው ብሎ ይጨነቃል። ሰውየው ብዙ አሰበበት፣ ብዙ ጻፈበት። እኔ ልጅ ሆኜ ይህንኑ ስጠይቅዎ «ይጾማል፤ ፍየሏን ግን አስገባ» ብለው ጨርሰውት ነበር።

እኔም ግራዝማች ይጾም ይሆናል አልኩና ሐኪም ጋ ደወልኩ።

ጋሼ፣ ለካ ጾም ለድመት አልተፈቀደም። በተለይ የወፈረ ድመት ጥቂት ቀን ካልበላ፣ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ወደ ጉበቱ ይጭነዋል፤ ጉበቱ በስብ ታፍኖ ሥራ ያቆማል። ሰው ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾመውን ድመት ሁለት ሦስት ቀን አይችለውም። የእኛ ነብር ረቡዕ ጾሞ ሐሙስ በልቶ አርብ የሚጾመው ሐኪም አማክሮ መሆን አለበት።

ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ከሁለት እሳት መካከል ነው። ሳይበላ የተለመደውን መርፌ ብወጋው ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። መርፌውን ጨርሶ ብተወው ሰውነቱ ስቡን እያነደደ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ያም ይገድላል። ስለዚህ «ልውጋ ወይስ ልተው?» የሚለው በግምት የሚወሰን አይደለም። የጆሮውን ጫፍ ወግቼ ደሙን ለካሁና ቁጥሩን ነገርኳት፤ እሷ የዚያን ዕለቱን መጠን ቀንሳ አዘዘችኝና አሁኑኑ ይዘኸው ና አለችኝ።

በረዶ እየወረደ ግራዝማችን በቅርጫት አድርጌ በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥለታል። እኔ በዚያው አውቶቡስ ስንት ዓመት ስመላለስ ደክሞህ ይሆን ያለኝ የለም።

ክሊኒኩ ውስጥ ጥርሱን አዩ፣ ኩላሊቱን መረመሩ፣ ሆዱን በአልትራሳውንድ አዩት። ድመት ምግብ ከተወ በስተጀርባው ሌላ በሽታ መኖሩን ይጠረጥራሉ። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጣችና ቆሽቱ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ሂሳቡን እያየሁ ስለነበር የማንኛችንን እንደሆነ አልለየሁም። የወረቀቱን ቁጥር አልነግርዎትም፤ ነግሬዎት በጋቢ ሲያሰሉት እንቅልፍ ያጣሉ። ደግነቱ ከፋይዋ ባለቤቱ ናቸው።

ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጡት፣ የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ወጉት፣ ጆሮው ላይ የሚቀባ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ቅባትም ሰጡኝ። በዚህ ሁሉ ካልበላ አንገቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት በዚያ ይመገባል አሉኝ። ቤት ስንመለስ ሥራው የእኔ ሆነ። ምግቡን ለብ አድርጌ ማቅረብ አለብኝ፤ ድመት የሚበላው በአፍንጫው ነው፣ ሽታው ካልጠራው አይነሳም። ማስገደድ ክልክል ነው፤ አንዴ አፉን ከፍተው ካጎረሱት ያንን ምግብ ዳግመኛ ሊጠላው ይችላል።

እንግዲህ ይዩኝ፦ እኔ ጿሚው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመስኩት ሰውዬ፣ ዶሮ አሙቄ፣ በእንፋሎቱ ምራቄን እየዋጥኩ፣ መሬት ተኝቼ ድመት እለምናለሁ። አሮጊቷ በየሰዓቱ ይደውላሉ። «ሸና? ምን ያህል ሸና?» ይላሉ። ስለ እኔ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም፤ ለነገሩ እኔ እየበላሁ ነው።

ዳንፎርዝ አካባቢ የሚኖር የአገር ልጅ ሊጠይቀን መጣ፤ በሽተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብሎ ሳምቡሳ ይዞ። ግራዝማችን አየውና «ዳጣ ቢቀምስ አሁን ይነሳል» አለ። ዳጣችን ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርት በየዓይነቱ ደግሞ የድመት ደም ያበላሻል። ቆጮ ይሞከር አለ። ሥጋ በል እንስሳ ነው አልኩት። «ታዲያ ከእኛ ጓዳ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ተቀይሞ ሳምቡሳውን ራሱ በላው።

በመጨረሻ ወደ አባቶቻችን ሥርዓት ዞርኩ። መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያን ሁሉ የተቆጣ ወጣት አልመለሱትም? በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የለም። እዚህ መጋቢት ላይ ሣር ከበረዶ ሥር ነው፤ ግን ፈረንጅ ለድመቱ የማያመርተው የለም፣ በትንሽ ማሰሮ የተዘራ የድመት ሣር ሱቅ ይሸጣል። ገዛሁ፣ ነጨሁ፣ በሁለት እጄ ይዤ ግራዝማች ፊት ተንበረከክሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ተነሳ። መጣ። ሣሩን በላው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ አስመለሰው።

ሽምግልናው ተቀባይነት አላገኘም እንግዲህ።

ማስታገሻው ሥራውን ሲሠራ ግን ሆዱ ረጋ መሰለኝ፣ ለብ ያለ ዓሣ ሳቀርብለት ሸተተው፣ አንዴ ላሰው፣ ከዚያ ሳህኑን እየገፋ ወጥ ቤቱን ዞረ። የበላውም አርብ ዕለት ነው፤ በጾም ቀን፣ ዓይኔ እያየ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ማለት ይሄኔ ነው። የጫሞ ዓሣ ቢሆን ሳህኑም አይተርፍም ነበር። አሁን ጥቂት ጥቂት እየበላ ነው፣ መርፌውም ወደ ቀድሞው መጠን እየተመለሰ ነው። አንዳንድ ድመት በደንብ ከተያዘና ምግቡ ከተስተካከለ ጭራሽ መርፌ ሊያቆም ይችላል ብላኛለች ሐኪሟ። የግራዝማችን ዕድሜ አይታ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ድመት ናፍቀው እንደሆነ ብዬ አይደለም።

እትዬ በስልክ ሹክ ብለውኛል፤ እንዳይቆጧቸው። ጠዋት መርፌዎን ይወጋሉ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፍዎ ምንም አይዞርም አሉ። ጋሼ፣ ግራዝማች የሚያስታምመው አጠገቡ ስላለ ነው የተረፈው። እርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሸማ ሲሠሩ ማን ጆሮዎን ወግቶ ይለካዎታል? የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ይጠይቋቸው። እምቢ ካሉም መርፌውን እንዴት እንደሚያደርጉት በራስዎ አይወስኑ፤ አርባ ምንጭ ወርደው ሐኪሙን ያማክሩ። ላብ ላብ ካለዎት ወይም መወርወሪያውን የያዘው እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ጾም ነው ሳይሉ ማር ይላሱ፤ ነብሩን አምነው ፍየሏን የሚያስገቡ ሰው ነዎት።

በሚመጣው መንገደኛ የስኳር መለኪያና ወረቀቱን እልክልዎታለሁ። መለኪያው እዚህ የተሠራበት ቁጥር ከእናንተ ይለያል፤ የእርስዎ 280 እዚህ 15 ተኩል ይባላል። ባለፈው የግራዝማች 16 ገባ ስልዎ «ነፍስ ይማር» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ መለኪያው 7 ቢልዎ ሞትኩ ብለው እትዬን እንዳያስጮሁ፤ እሱ ጥሩ ቁጥር ነው።

ለአሮጊቷ አንድ ጋቢ ይሥሩልኝ፣ ጥለቱ ደማቅ ይሁን። ድመቱ ይተኛበታልና ጥሩውን ድር አያባክኑበት። ለእትዬ፣ ለልጆቹ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ቁጥርዎን በየሳምንቱ ጽፈው በልጆቹ ስልክ ይላኩልኝ፤ አርባ ምንጭ የለኩትም ከሆነ እንዳለ ይላኩት፣ ለ18 ማካፈሉን ለእኔ ይተዉት።

የወንድምዎ ልጅ