ከስህተቱ ሥር አስምር

እንግሊዝኛ ትናገራለህ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ አልናገርም፣ አርማለሁ። የሚስቁብኝ አሉ። የሚስቁት ግን እንዴት እንደተማርነው የረሱ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጠናል፤ አራት ቦታ ተሰምሮበታል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ከአራቱ አንዱ ጥፋተኛ ነው። ጆን የሚባል ሰው ትናንት ገበያ «ጎ» ብሎ ተይዟል። ጆን ማነው? ምን ሊገዛ ወጣ? ቀንቶት ገባ ወይስ ባዶ እጁን? አይመለከተንም። «ጎ»ን «ዌንት» ይሁን ብለን ፈርደንበት ወደሚቀጥለው ተከሳሽ እናልፋለን። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስንፈርድ ኖረን፣ አንድ ፈረንጅ መንገድ ላይ «ሄሎ» ያለን ቀን ግን የምንገባበት ይጠፋናል።

እንግሊዝኛ ራሱ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው ዘግይቶ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የነገሠው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባርሮ እንግሊዞች ሲሰነብቱ ፈረንሳይኛ ወንበሩን ለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው በአፍንጫ የሚነገረውን ዓይነት አመጡልን። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተሰናድቶ በሳተላይት የሚወርደው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። ምንም ሳንናገር ያመሰገነን ብቸኛ የእንግሊዝኛ መምህር እሱ ነው። ዝናቡ ጠንከር ሲል መብራት ይሄዳል፤ መምህሩም አብሮ ይሄዳል።

ቦንጋ ላይ ለአራሚ ሥራ አይጠፋም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ዓለም ይመጣባታል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ጫካ በባዮስፌር መዝገቡ ካሰፈረ ወዲህ ደግሞ፣ የማንኪራን የጫካ ቡና አያለሁ፣ የእግዜር ድልድይን እሻገራለሁ፣ የቡና ሙዚየሙን እጎበኛለሁ የሚል ፈረንጅ ብቅ ማለቱን አላቆመም። ፈረንጅ ባለበት እንግሊዝኛ አለ፤ እንግሊዝኛ ባለበት እኔ አለሁ።

የዛሬ ልጆች ሸክም ከእኛ ይብሳል። ካፊኖኖውን በላቲን ፊደል፣ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ይማራሉ። በካፊኖኖ ሁለት «ኦ» ተደርድሮ ከተጻፈ «ኦ» ረዝሞ ይነበባል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ምስክር ነው። ይህን ጠንቅቆ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ላይ ደርሶ «ስኩል»ን «ስኮል» ብሎ ቢያነብ ጥፋቱ የማን ነው? የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የጻፉትን የማያነቡት ከሆነ ለምን ይጽፉታል?» ብሎኛል። ከሥሩ የማሰምርበት ነገር አጣሁ።

ይኸው ልጅ ስለ አባቱ ድርሰት ጽፎ አመጣልኝ። «ማይ ፋዘር አር ፋርመር። ዜይ ሃቭ ስሪ ካው።» ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁለት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ላይ ይህን ያህል ሥራ በየቀኑ አይገኝም። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«አባትህ አንድ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ‹ኢዝ› ነው የሚባለው።»

«ራስዎ አሁን ‹ናቸው› አሉ» አለኝ።

«እሱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ አያውቅም። ‹ዜይ› የሚለውን ሰርዝና ‹ሂ› በል።»

«አባቴን ‹እሱ› ልበላቸው?»

«እንግሊዞቹ አባታቸውን እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«የእነሱ አባት አይቆጡማ!» ብሎ ደብተሩን ሰበሰበ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ድርሰት አመጣ፤ ስለ እናቱ ነው። አሁንም «ዜይ» ናቸው።

ስለ ላሞቹ ሳልነግረው ቀረሁ። እኛ ዘንድ ሦስት ላም ካሉ ሦስት ላም ነው፤ ቁጥሩ ከተጠራ መብዛታቸው ታውቋል። እንግሊዝ ግን ሦስት መሆናቸውን ከነገሩት በኋላም መጨረሻዋ ላይ «ስ» ካላየ አያምንም። ደንቡን የሚያውቅ ሁሉ ታዲያ ከጉድ ይተርፋል ማለት አይደለም። የቦንጋ በግ በላቱ የታወቀ ነው፤ ገበያ ላይ አንድ ፈረንጅ ቆሞ ሲያደንቅ፣ ከገጠር የመጡ አባወራ ሁለቱን በጎቻቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው «ቱ ሺፕ» አሉት። አጠገባቸው የቆመ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዝም ማለት ከበደውና «ቱ ሺፕስ» ብሎ አረማቸው። ትክክሉ የአባወራው ነበር። የእንግሊዝ በግ ቢበዛም ስሙ አይበዛም። ተማሪው ደንቡን በማክበሩ ሁለት መርከብ ለገበያ አቀረበ፣ ያውም ወደብ በሌለው አገር። ፈረንጁ ግን ሁለቱንም በሚገባ ተረድቷቸዋል፤ በግ አየ፣ በግ ገባው።

በሰዋስው በኩል ከሆነ፣ ቦንጋ ላይ ከሰማኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የጠራው የአንድ አውቶቡስ ረዳት ዓረፍተ ነገር ነው። የትኬቱን ገንዘብ እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፣ ለአንድ ፈረንጅ «ዘ ባስ ሊቭስ አት ትዌልቭ ኦክሎክ» አለ። ባለቤትና ግስ ተስማምተዋል፤ «ስ»ዋ ከቦታዋ አልጎደለችም፤ መስተዋድዱም ልኩ ነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ፈረንጁም አመስግኖ ሄደ፤ በማግስቱም ሻንጣውን አዝሎ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ ልክ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከች አለ። አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንደተባለው ሳያዛንፍ ወጥቶ በዚያ ሰዓት ከጅማ ወዲያ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብዬ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና መረመርኩት። አራቱም ነፃ ናቸው።

ሰውየው አንዴ መቆየቱ ካልቀረ ቡና ልጠጣ ብሎ ተራው አጠገብ ካለች ቡና ቤት ገባ። የዚያን ዕለት ጀበናው ተሰብሮባት ልጅቷ ተክዛለች። እሳቱም ሲኒውም እንደሌለ አይቶ «ዩ ዶንት ሃቭ ኮፊ?» አላት። «የስ» አለችው። እኛ «ቡና የለም?» ስንባል «አዎ» ብንል፣ አዎ የለም ማለታችን ነው፤ የሚሳሳት የለም። እሱ ግን «የስ» ሲባል ቡናው አለ ብሎ በርጩማው ላይ ተደላደለ። ቡና ከፈለቀበት ጫካ ሥር ተቀምጦ፣ የለም የተባለውን ቡና ጠበቀ። ቆይቶ «ኢዝ ኢት ካሚንግ?» ቢላት፣ ነገሩ ሳይገባት ለአክብሮት ያህል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስብ አድርጋ እሺታዋን ሰጠችው። በእኛ አገር ከዚህ የተሟላ አዎንታ የለም። እሱ ግን የሆነ ነገር ያስደነገጣት መስሎት ከበርጩማው ተስፈንጥሮ ተነሣና ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ።

ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ ለምን አልረዳሁትም? ብያለሁ እኮ፤ አልናገርም።

በማግስቱ ሰውየው፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በእኛው አሥራ ሁለት፣ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ያረፈበት ቤት ጎራ ብዬ የእንግዳ መዝገቡን ገለጥኩ። ገጽ ሙሉ ጽፏል። ስለ ጫካው፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ሰዉ ደግነት፣ ስለ አውቶቡሱም ጠንከር ያለች አንድ መስመር። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ልቤ ቀጥ አለች። ጫካውና ወፎቹ ይላል፤ የእሱ ናቸው የምትለዋን «ኢትስ» ሲጽፍ ከ«ስ»ዋ በፊት፣ አናቷ ላይ፣ የማትገባ ጭረት ሰክቶባታል። አድራሻው ላይ ለንደን ይላል። ለንደን! ወደ ውጭ ወጥቼ ለሰው ልናገር አሰብኩና መጀመሪያ ፍርዱ ይቅደም ብዬ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ። ልክ ላሰምር ስል እንግዳ የምትቀበለዋ ልጅ መዝገቡን ከእጄ ላጥ አድርጋ ወሰደችው።

«ኧረ ጋሼ! ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ ኦዲተር አይቀበለንም!»