የተኛውን ብቻ አትቁጠሩ

እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የእንግሊዝ ፌሪ ካፒቴን ለኩባንያው ጻፈ። የፊት በሩ መዘጋቱን ከመሪው ክፍል ሆኖ ማየት ስለማይችል አመልካች መብራት እንዲገጠም ጠየቀ። ከቢሮ የመጣው መልስ ተረብ ነበር፦ በር የሚዘጋው ሠራተኛ ነቅቶና ሳይሰክር መገኘቱንም የሚነግራቸው መብራት ይፈልጋሉ ወይ የሚል።

ማርች 6 ቀን 1987 የዚሁ ኩባንያ ፌሪ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ ከቤልጂየሙ ዜብሩገ ወደብ በሯን እንደከፈተች ወጣች። ከወደቡ አፍ ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች፤ 193 ሰው አለቀ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«ታዲያ ጥፋቱ የተኛው አይደለም?» ለምትሉ፦ ሰው ሲደክመው ይተኛል፤ ይሄ ደግሞ የታወቀ ነገር ነበር። በ1983 እህት መርከቧ ፕራይድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ በዚሁ ምክንያት ከዶቨር በሯን ከፍታ ወጥታ ዜብሩገ በሰላም ገብታለች። ሟች ብቻ በሚቆጥር መዝገብ ላይ ያ ጉዞ ደህና ጉዞ ነው!

«እስከዛሬ ምን ሆነን?» ለሚል፦ የተመለሰ ሁሉ በሩን ዘግቶ የሄደ መሰለህ? የሄራልድ ካፒቴን «በሩ አልተዘጋም» የሚለው ሰው ካልመጣ ተዘግቷል ብሎ ይነሳ ነበር። የኩባንያው አሠራር ይኸው ነበር፤ ዝም ያለ ሁሉ «ሰላም ነው» እንዳለ ይቆጠር ነበር።

«አብዛኛው የመርከብ አደጋ የሰው ስህተት ነው፤ ስታቲስቲክሱ ይናገራል» ለሚል፦ የትኛው ሰው? መብራቱን የከለከለው ሰው አይደለም? ቅጹ ላይ «የሰው ስህተት» የምትል አንዲት ሳጥን ብቻ ካለች የተኛው ይገባባታል፣ አለቃው ግን ውጭ ይቀራል፤ መፍትሔውም ተግሣጽ ሆኖ ያልቃል። ምርመራውን የመሩት ዳኛ ሺን ግን ቸልተኝነቱ ከላይ እስከ ታች ኩባንያውን እንደ በሽታ ይዞት እንደነበር ጽፈዋል።

«መብራት መግጠም ቀላል መሰለህ?» ለሚል፦ ከአደጋው በኋላ በቀናት ውስጥ በቀሩት መርከቦች ላይ ተገጠመ።

«ቁጥር አይዋሽም» ለሚል ደግሞ፦ የቆጠረው ማን እንደሆነ ጠይቅ። በዚያው በ1987 ዲሴምበር ፊሊፒንስ ውስጥ ዶኛ ፓዝ የተባለች የመንገደኛ መርከብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትቃጠል የተሳፋሪ ዝርዝሯ 1,500 ያህል ሰው ነበር የያዘው። የሞተው ከ4,000 በላይ ነው። ስሙ ላልተጻፈ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት የሚያዘጋጅ የለም።

ከ1998 ጀምሮ በመንገደኛ መርከቦች ላይ የጸናው ዓለም አቀፉ የደኅንነት አመራር ደንብ አደጋ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ሁኔታም ለኩባንያው እንዲነገርና እንዲመረመር ያዛል። በር ተከፍቶ የተሄደበት፣ ግን ማንም ያልሞተበት ቀን መጻፍ አለበት ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ለእኔ እሱ ነው፤ ሰው ሳይሞት ያስተምራል።

«ጥፋቱን የጻፈ ይቀጣ!» ለሚል የቢሮ ሰው፦ ቅጣው፤ ከነገ ጀምሮ የሚጽፍልህ አታገኝም። መዝገብህ ይነጻል፣ መርከብህ ግን ያቺው ናት።