ስለ ምራቅ አስተዳደር የወጣ አዋጅ

ከአየር ጤና በማለዳ የተነሳ የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ፣ ስሙ እዚህ ከማይጠቀስ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ደርሶ «ሲስተም የለም» ሲባል አፉ ክው ብሎ የሚደርቅ በመሆኑ፤ ጥፋቱም ያለ ማስረጃ በሲምፓቴቲክ ነርቭ ላይ ሲላከክ በመቆየቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ይህ አዋጅ «የምራቅ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ «ምራቅ» ማለት ጤነኛ ሰው በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር የሚያመነጨው ነው። «አሚሌዝ» ማለት የእንጀራውንና የዳቦውን ስታርች ገና አፍ ውስጥ መሰባበር የሚጀምረው ኢንዛይም ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ አሚሌዝ አለቃቀቅ

1) ነዋሪው ሲቆጣ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ትእዛዝ ከኅብለ ሰረሰር የላይኛው የደረት ክፍል ተነስቶ፣ አንገት ላይ ባለ የነርቭ ማዕከል በኩል አልፎ፣ በጆሮ ደግፍ ጊዜ ወደሚያብጠው እጢ ይደርሳል። እዚያ የሚለቀቀው ኖራድሬናሊን ከሴሉ ቤታ ተቀባይ ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል፤ አሚሌዝ የታጨቀባቸው ጥቃቅን ከረጢቶችም ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋህደው ጭነታቸውን ያራግፋሉ።

2) ውኃውን በብዛት ማቅረብ የፓራሲምፓቴቲክ ነርቭ ሥራ ነው። ሰው ሲጨነቅ አፉ የሚደርቀው አንጎል ይህን ነርቭ ስለሚያፍነው እንጂ ሲምፓቴቲኩ ቧንቧ ስለዘጋ አይደለም። (ከላይ የታገደን ሥራ በታች ባለው ማሳበብ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም።)

3) ከላይ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣
ሀ) ነዋሪው «ከምሳ በኋላ ና» ከተባለና ወረፋው እንዳያልፈው ሳይበላ ከጠበቀ፣ የሚሰባበር ስታርች ባይኖርም አሚሌዙ መለቀቁን ይቀጥላል፤
ለ) ከምሳ በኋላ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባለ፣ በፊደል ሀ የተሰጠው ፈቃድ ስብሰባው እስኪያልቅ ይራዘማል፤
ሐ) ስብሰባው ካላለቀ፣ ተመራማሪዎች ጭንቀትን በምራቅ አሚሌዝ ስለሚለኩ፣ ነዋሪው ለማስረጃ የሚሆን ናሙና በብልቃጥ ተፍቶ ከማመልከቻው ጋር ሊያያይዝ ይችላል፤
መ) ነዋሪዋ ልጅ ያዘለች ከሆነች... ለእሷ ምን ይደነገጋል? ከንጋት ጀምራ ቆማለች። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ተኝቷል። ከመስታወቱ ወዲያ ቡና ይጠጣል፣ ይሳሳቃል። ሰው ናት እኮ! አንድ ወንበር ምን ሲስተም ይፈልጋል? ፊደል መ ለአዋጅ የማይመጥን ቋንቋ ስላለበት ተሰርዟል።

አንቀጽ 4፦ ማስፈጸሚያ መመሪያ ወደፊት ይወጣል።

አንቀጽ 5፦ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ነዋሪ ቤታ ተቀባዩ በመድኃኒቱ ስለሚዘጋ፣ ውስጡ እየነደደም አሚሌዙ ዝቅ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ነዋሪ በአገልግሎቱ እንደረካ ተቆጥሮ ይመዘገባል።