ለተከበሩ የቆላው የእንስሳት ጤና ኬላ፤ ባሉበት

ደብዳቤ ላይ «ባሉበት» የሚባለው ለወግ ነው፤ ለእርስዎ ግን ሙሉ አድራሻ ነው። ከተሠሩ ጀምሮ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። አርብቶ አደሩ ዝናብ ተከትሎ ሲነሳ፣ ግመሉ ሲነሳ፣ በሽታውም አብሮ ሲነሳ እርስዎ በቆርቆሮ ጣሪያዎ ሥር ጸንተዋል።

መመሪያዎ «የታመመው ይምጣ» ነው። መቆም ያቃታት ላም የሁለት ቀን መንገድ እንዴት እንደምትመጣ የሚያስረዳው ማስታወቂያ ግን ገና አልተለጠፈም።

ለማስታወስ ያህል፣ በማቆላመጥ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጥቶ አገሩን ለክፉ ቀን ዳረገ። ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በኋላም አፋር ውስጥ መሸሸጊያ አላጣም። ክትባት ጠፍቶ አይደለም፤ ክትባቱም እንደ ባለሥልጣን ሙቀት አይችልም ነበር። በረዶው ሲቀልጥ፣ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲቀር ብልቃጡ ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። ማን ይዞት ይሂድ? እ.ኤ.አ. በ1994 ከአፋሮቹ ከራሳቸው የተመረጡ 20 ሰዎች ሠልጥነው በአንድ ወቅት 73,000 ከብት ከተቡ። ማኅተም የላቸው፣ ጠረጴዛ የላቸው! ከብቱን በመልክ ያውቁታል፤ ለዚህ በመዝገብዎ ዓምድ የለም። አገሩም «ዳጉ» አለው፤ ሁለት አፋር መንገድ ላይ ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ፎርም የማይሞላ ሪፖርት ማለት ነው፤ ያውም ከእርስዎ ሪፖርት ቀድሞ የሚደርስ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ አፋር ውስጥ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም ከደስታ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

አሁን ተራው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ይጥፋ ተብሎ ቀጠሮ ተይዞለታል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ነገር ግን ብልቃጡ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ አምስት ፍየል ነድታ ለመጣች ሴት አይከፈትም፤ ሌሎች ፍየሎች እስኪሰበሰቡ ትጠብቅ። እሷ ትጠብቃለች፤ በሽታው ግን ጠባቂ አይደለም።

የጸሐፊው ልመና ትንሽ ናት፦ መድኃኒቱንም ቁልፉንም ለሚራመድ ሰው ይስጡ፤ የእግሩንም ዋጋ ይክፈሉት። መልስዎን ወደ መንደሩ አይላኩ፤ መንደሩ ባለፈው ሳምንት ተነስቷል።

ግልባጭ፦
ለፍየሎቹ፤ ባሉበት።