የነሐሴ ብርድ በባሕር ዳር፦ ስለ ባልዲ፣ ስለ ቺፕስና ስለ ጠቆረ ከንፈር የቀረበ ጥናት

በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ስካርብራ የምትባል ከተማ አለች። ነሐሴ ላይ ቀኑ ደኅና ሲሆን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አዲስ አበባም በዚያው ወር ከዚህ ብዙ አትርቅም። ልዩነቱ አለባበስ ላይ ነው። የአዲስ አበባ እናት በዚህ አየር ለልጇ ሹራብ ትደርብለታለች። የስካርብራ እናት ደግሞ የለበሰውንም አውልቃ፣ 15 ዲግሪ እንኳ መድረሱ የሚያጠራጥር ውሃ ውስጥ ትሰደዋለች። ይህ ጥናት የሚመለከተው ሁለተኛይቱን እናት ነው።

ጤነኛ ሰው ምን ነክቶት እንዲህ ያደርጋል? ከታሪክ የሚገኘው መልስ አጭር ነው፤ ነገሩን የጀመሩት ጤነኞች አይደሉም። በ1626 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ቆጠራ ነው) ስካርብራ ውስጥ መረር የሚል የምንጭ ውሃ ተገኘ። መራራ ስለሆነም መድኃኒት ነው ተባለ፤ በዚህስ ኮሶ ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ የሚከራከርበት ምክንያት የለውም። ከምንጩ ወደ ባሕሩ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1735 የተሠራ የከተማዋ ሥዕል ባሕር ውስጥ የገቡ ሰዎችንና ልብስ የሚወለቅበትን ባለ ጎማ ጋሪ ያሳያል። በ1750 ደግሞ ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም የእጢ በሽታን በባሕር ውሃ ስለ ማከም በላቲን ጽፎ አሳተመ። ራስል ታካሚው እንዲታጠብበት ብቻ ሳይሆን እንዲጠጣውም ያዝዝ ነበር። ታካሚዎቹም ጠጡ። ዛሬ ማዘዣው ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የታካሚዎቹ የልጅ ልጆች ግን ቀጠሮ እንዳለው ሰው በየዓመቱ ይመጣሉ።

ብርዱን ማንም አልደበቃቸውም። በ1908 አንድ የባቡር ኩባንያ ስኬግነስ ወደምትባል ሌላ የባሕር ዳር ከተማ መንገደኛ ለመሳብ ብሎ በሠዓሊው በጆን ሃሳል ማስታወቂያ አሠራ። ሥዕሉ ላይ አንድ ወፍራም ዓሣ አጥማጅ በባሕሩ ዳር እየዘለለ ይሮጣል፤ አብሮት የተጻፈው መፈክር የሚያሞግሰው ደግሞ የቦታውን ቆንጣጭ አየር ነው። ጉድለቱን እንደ ሙያ የሚሸጥ ነጋዴ በየአገሩ ሞልቷል። ነፋስ በትኬት የሸጠ ግን ብርቅ ነው፤ ማስታወቂያውም እስከ ዛሬ የከተማዋ መለያ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። አባት መጀመሪያ የሚያደርገው ከሸራና ከካስማ የተሠራውን የነፋስ መከለያ በመዶሻ አሸዋው ላይ መትከል ነው። ተክሎ ሲጨርስ ነፋሱ በሌላ በኩል ይመጣል። እናት በበኩሏ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳች፣ «ደስ አይልም?» ብላ ትጠይቃለች። የጥናቱ ትልቁ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ አንፃር ሲታይ ለአየር የተጋለጠው ቆዳ ከአዋቂው ይበዛል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። በሥርዓቱ ከሆነ ከውሃው ቀድሞ መውጣት የሚገባው እሱ ነው። በተግባር ግን ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «አልበረደኝም» ብሎ የሚሟገተው እሱ ሲሆን፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ዳር ቆማ የምትንቀጠቀጠው እናቱ ናት። በዚያ ላይ ባሕሩ እስኪሞቅም እስኪቀዘቅዝም ቀርፋፋ ነው፤ ደኅና ሙቀት የሚያገኘው ነሐሴ ሲያልቅ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ደብተር በሚገዛበት ሰሞን ነው።

ከውሃው የወጣ ሕፃን ባልዲ ይዞ የአሸዋ ግንብ ይሠራል፤ ስለ አሠራሩ ግን ሳይንሱ ገና አልተስማማም። በ2004 የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ቤኔት ለስምንት ባልዲ ደረቅ አሸዋ አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል አለ። በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ግንቡ እጅግ የሚጠነክረው ውሃው ከመጠኑ 1 በመቶ ብቻ ሲሆን ነው ሲሉ አሳተሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የአራት ዓመቱ ግንበኛ ሁለቱንም ስላላነበበ ባልዲውን እንዳለ ይገለብጠዋል። ባሕሩም በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ክርክሩን ይዘጋዋል።

ከምዕራቡ ጠረፍ አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል። ብላክፑል ውስጥ ልጆች የሚሳፈሩባቸው አህዮች በማዘጋጃ ቤት ደንብ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አላቸው፤ ዓርብ ደግሞ ሥራ የለም። ይህን የሰማ የመርካቶ ጫኝ ምን እንደሚል መገመት ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

እንግሊዝ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ችግር ለምዶታል። ችግሩ ምሳ ላይ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 22 መሆኑ ነው። ይህም የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ዕረፍት መካከል ላይ ይውላል። እንግዲህ ልጅ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት በጋቢ ተጀቡነው ስካርብራ ባሕር ዳር ተቀምጠዋል እንበል። አይስክሬሙ ወተት አለው። ዓሣው ለአንዳንዱ የተፈቀደ ቢሆን ለእሳቸው አልተፈቀደም። ድንችስ? «ድንቹ እንኳ የጾም ነው» ይላል ልጃቸው፤ ግን ስካርብራ ባለችበት በዮርክሻየር ብዙዎቹ ዓሣና ቺፕስ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚጠብሱት በከብት ሞራ ነው። እሳቸውም ሽታው አልጠፋቸውም።

ይህ ጾም ግን ለቤተሰቡ ያልታሰበ ጥቅም አስገኝቷል። በ2019 የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮርንዎል ከተሞች ቺፕስ መሬት ላይ እያስቀመጡ ሲገል የሚባለውን ቀማኛ የባሕር ወፍ ፈትነው ነበር። ከሞከሯቸው 74 ወፎች ምግቡን የተጠጉት 27 ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሰው ሲያፈጥባቸው በአማካይ 21 ሰከንድ ዘግይተዋል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሳይበላ ወፉ ላይ ማፍጠጥ አለበት። እጁ ምግብ ያልያዘ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ የልጅ ልጁ ምሳ ሲነጠቅ ዝም የማይል ሰው ሲፈለግ ደግሞ ከእሳቸው የተሻለ አልተገኘም። ስካርብራ ላይ በጋቢ ውስጥ ሆኖ የተሞከረ ባይኖርም፣ 21 ሰከንዱ ቢያንስ በእጥፍ እንደሚያድግ መጠርጠር ይቻላል።