ባክቴሪያን መድኃኒት ለማስለመድ አራት እርምጃዎች

በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ በአረርቲ፣ በመድኃኒት የማይበገር ባክቴሪያ ማርባት የሚፈልግ ሰው ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ይህን ምክር መከተል ይበቃዋል።

አንደኛ፦ ጉንፋን ሲይዘው አሞክሳሲሊን ይዋጥ። የጉንፋን መነሻ ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን የሚገድለው ግን ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይሠራ በማድረግ ነው። ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲለቅ፣ መድኃኒቱ በጉሮሮና በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ይፈጃል። ከእነሱ መካከል መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለው ይተርፋል፤ ቦታውም ምግቡም የእሱ ይሆናል። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ስለሚከፈል፣ የተረፈው ዘር ለመብዛት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛ፦ ጤፍ ሲያጭድ ማጭድ ከቆረጠው፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ከማጠብ ይልቅ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ይነስንስበት። መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ የሚያስቆመው በቂ ሆኖ ሲደርስ ነው። ዱቄቱ በሳሳበት ቦታ፣ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋ ባክቴሪያ ይተርፋል።

ሦስተኛ፦ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ታማሚ ከሆነ፣ ሳሉ ሲቀንስ መድኃኒቱን ይተው። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጀው ዝግ ብለው የሚያድጉት ባክቴሪያዎች ቶሎ ስለማይሞቱ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የተረፉት ሊላመዱት ይችላሉ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና መስጠት ሲጀመር፣ ሕክምናው ከ18 ወር በላይ ይወስድ ነበር፤ አብሮ የሚሰጠው መርፌም ጆሮን ሊያደነቁር ይችል ነበር።

አራተኛ፦ የተረፈውን እንክብል ለጎረቤት ያካፍል። ባክቴሪያዎችም ይካፈላሉ፤ መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘረመል የተለየ ዝርያ ላለው ባክቴሪያ ጭምር ያስተላልፋሉ።

መላመድ ምን ያህል እንደሚፈጥን በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ የትራኮማ ጥናት፣ በአንዳንድ ቀበሌዎች ለሕፃናት አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ ተሰጠ። መድኃኒቱን የሚቋቋም ኒሞኮከስ የተባለ የሳንባ ምች ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሕፃናት በዓመት ውስጥ ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አሻቀቡ። ይህ የሆነው በባለሙያ እጅ፣ ዓይን ለሚያጠፋ በሽታ በተሰጠ መድኃኒት ነው፤ ዓይንን ማዳን ይህ ዋጋ የሚከፈልለት ጥቅም ነው። ለጉንፋን የሚዋጠው አሞክሳሲሊን ግን ያንኑ ዋጋ ያስከፍላል፣ በምትኩም ምንም አይሰጥም።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው እደላ በቆመባቸው ቀበሌዎች የተላመደው ባክቴሪያ እያደር ቀንሷል። ስለዚህ በአረርቲ መድኃኒት ቤት «ያለ ማዘዣ አልሸጥም» የሚለው ባለሙያ፣ ይህን ሰምቶ ሳይቆጣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ደንበኛም፣ የነገው ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው የሚያድነውን መድኃኒት ከወዲሁ እየጠበቁለት ነው።